ሟቹን የማያውቁ ሰልፈኞች

ሰልፍ አልወድም። ያደግሁት ሰልፍ በቀበሌ በሚታዘዝበት ዘመን ነው። ጠዋት አብዮት ጠባቂ በር ያንኳኳል፤ ያልወጣ ሰው በማግስቱ ይጠየቃል፤ የወጣው ደግሞ ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ሰው ሲያወግዝ፣ ግራ እጁን ሲያነሳና ሲያወርድ ውሎ በፀሐይ ተጠብሶ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ያየሁት ሌላው ዓይነት ሰልፍ የሚተኮስበት ነው። ሦስተኛ ዓይነት መኖሩን አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ፖሊስ በሞተር ሳይክል ከፊት እየሄደ መንገድ የሚያስለቅቅለት፣ ሰዎቹ ቡናቸውን በወረቀት ኩባያ ይዘው እየተሳሳቁ የገዛ ፕሬዚዳንታቸውን የሚሰድቡበት ሰልፍ ሳይ፣ መጀመሪያ ያልኩት "ከዚህ ነገር ጀርባ ማን አለ?" ነው።

ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ኢራቅ ላይ ጦርነቱ ከተጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ወቅቱ ቅጠል የሚረግፍበት ነው። የምንኖረው ኒው ሆፕ ሲሆን፣ የምሠራው ሴንት ፖል፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ መጦሪያ ቤት ውስጥ ነበር፤ ሽማግሌዎችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ባለቤቴ ታክሲውን ይዞ ኤርፖርት ስለሚውል አውቶቡስ እየቀያየርኩ ነው የምሄደው። የዚያን ቅዳሜ አውቶቡሱ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጋዜጣውን ዘረጋ። በእግሬ ብሄድ ይሻላል ብዬ ወረድኩና ቀጥታ ሰልፉ ውስጥ ገባሁ።

ከፊት ያሉት እንደማንኛውም ሰልፈኛ የተጻፈ ነገር ይዘው ይጮሃሉ። ከኋላ የሚመጡት ግን ዝም ያሉ ናቸው። እያንዳንዳቸው በደረታቸው ላይ በገመድ ያንጠለጠሉት የአንድ ወታደር ፎቶ ነው። ወጣት ወጣት ልጆች ናቸው፤ ገሚሱ መለዮ አድርጎ ባንዲራ ፊት የተነሳ፣ ገሚሱ ገና የትምህርት ቤት ፎቶው ያልተለወጠለት።

እኛ ዘንድ ፎቶ በደረቱ ይዞ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለቀስተኛ ነው። እናት ናት፣ እህት ናት፣ ሚስት ናት። እኔም ሌላ ነገር አልመጣልኝም። አጠገቤ ብርቱካንማ ኮፍያ ያደረገች ነጭ አሮጊት ደርሳለች፤ ደረቷ ላይ ያለው ልጅ የልጄ እኩያ ነው። አንጀቴን በላችው። ተጠግቼ አቀፍኳትና "እግዚአብሔር ያጽናሽ" የሚለውን እንደምንም ወደ እንግሊዝኛ አዙሬ ነገርኳት፤ ትከሻዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩም። የዚያን ሰሞን እንባ ሩቅ አልነበረም። ሴትዮዋም ጀርባዬን ቸብ ቸብ እያደረገች አስለቀሰችኝ።

"ልጅሽ ነው?" አልኳት ቀና ብዬ።

"አይደለም።"

"የልጅ ልጅሽ?"

"አይደለም። አላውቀውም፤ በዓይኔም አይቼው አላውቅ" አለችኝ።

እጄን ከትከሻዋ ላይ አነሳሁ። ከኋላዋ የሚመጡትን አየኋቸው። "እነዚህስ?"

"እኛ ማንኛቸውንም አናውቃቸውም። ጋዜጣ ላይ ሲወጡ ነው የምናገኛቸው። አዲስ ሲመጣ አንዳችን እንይዘዋለን" አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። እንባዬን የተሰረቅሁ መሰለኝ። የማያውቁትን ሰው ልጅ ፎቶ አንጠልጥሎ ከተማ መዞር ምን የሚሉት ነገር ነው? ያላዘኑትን ኀዘን ለብሰው የሚዞሩት ማን ልኳቸው ነው? ማንስ ነው ቀለቡን የሚሰፍርላቸው? ደህና ዋይም ሳልላት መንገዴን ቀጠልኩ፤ መጦሪያ ቤቱ ስደርስ ዓይኔ ቀልቶ ስለነበር የሥራ ባልደረቦቼ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ንፋስ ነው አልኳቸው።

ልጄ ኢራቅ ነበር። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። እዚህ አገር ይዘነው ስንመጣ ገና ጥርሱን የሚቀይር ልጅ ነበር፤ ሃይ ስኩል እንደጨረሰ ወታደር ሆነ። ከመፈረሙ በፊት አንድ መልማይ ሳጅን ቤታችን መጥቶ ምሳ በላ። ወጡን አመሰገነ፣ እንጀራውን አመሰገነ፣ ባሌን "ሰር" አለው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የማርያም ስዕል ሳይቀር አደነቀ። ሳያውቀኝ ይህን ያህል ከሚያሞግሰኝ ሰው ጋር ምን ጉዳይ አለኝ? ነገሩ ያን ጊዜውኑ ሸቶኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ኮሌጅ በነጻ፣ ዜግነት ቶሎ፣ የሚሉትን ሲሰማ ፊቱ በራ። ልጄም "ማሚ፣ አይ ኦልሬዲ ዲሳይድድ" አለኝ። ሲወስን ያልጠየቀኝን ሲሄድ ምን ልለው እችላለሁ? ሸኘሁት።

ከዚያ በኋላ በልቤ የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ አንድ ነገር ቢሆን ማን ይነግረኛል?

ይህን የምጠይቀው ያለ ነገር አይደለም። ታላቅ ወንድሜ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ቀርቷል። መሞቱን ከግንባር የተመለሰ የሰፈር ልጅ ነገረ፤ ለእኛ ሳይሆን ለጎረቤት። ጎረቤት ለጎረቤት፣ የእድሩ ዳኛ፣ ባለ ሱቁ፣ የንስሐ አባታችን፣ ሁሉም አወቀ። እኔና እናቴ ብቻ አላወቅንም። እናቴ ለፋሲካ ይመጣል እያለች ጋቢ ስታስፈትልለት፣ የሚያውቁት ሴቶች ቁጭ ብለው ጥጡን አብረዋት ያባዝቱ ነበር። ጊዜው ይመቻች፣ ጾሙ ይለፍ፣ የገጠር ዘመዶች ይምጡ እያሉ ቆዩና አንድ ጎህ ሲቀድ ግቢያችንን ሞልተው መጡ። ከዚያ ወዲህ ሰው ከወትሮው ደግ ሲሆንልኝ ሆዴ ይፈራል።

ባለቤቴን ይህን ስነግረው "ይሄ አሜሪካ ነው" ይለኛል። "እዚህ ሁለት ወታደር ዩኒፎርሙን ለብሶ በርሽ ድረስ መጥቶ ይነግርሻል። መደበቅ የሚባል ነገር የለም።" ይምጡ እሺ፤ ግን እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ቢመጡስ? እሱን ያገኙታል። እሱ ለቄሱ ይደውላል። ቄሱ "እስከ እሑድ እንያዘው" ይላሉ። የእድሩ ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ሴቶቹ ይመካከራሉ፣ እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። ወገኖቼን አውቃቸዋለሁ። ስለሚወዱኝ ይደብቁኛል።

ይህን ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቼ ነው እነዚያ ሰልፈኞች ትዝ ያሉኝ። የሞቱትን አያውቋቸውም። እኔንም አያውቁኝም። ልጄ አንድ ነገር ቢሆን ስሙና ፎቶው ጋዜጣ ላይ በወጣ በሳምንቱ አንዱ ሰልፈኛ ደረት ላይ ይንጠለጠላል፤ አዝኖልኝ ወሬውን የሚደብቀኝ ሰው መካከሉ የለም። ባለቤቴ ቤት የሚገባውን ጋዜጣ ቀድሞ የሚያነሳው እሱ ስለሆነ አላምነውም ነበር፤ ገጽ የጎደለ እየመሰለኝ እቆጥራለሁ። ሰልፈኞቹን አምኜ አይደለም የሄድኩት። ከወገኖቼ ይልቅ እነሱን ለመጠርጠር ምክንያቴ ስላነሰ ነው።

በየሳምንቱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሴንት ፖልን ከወንዙ ማዶ ካለው ከተማ ጋር በሚያገናኘው የሚሲሲፒ ድልድይ ላይ ይቆማሉ። ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመርኩ። ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ደረታቸውን እያየሁ አልፋለሁ። ጥቁር ልጅ ካየሁ ጠጋ ብዬ አያለሁ፤ የሌላ ሰው ልጅ ነው። "አምላኬ ተመስገን" እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ የዚያ ልጅ እናት ትዝ ትለኝና ቃሌን መዋጥ ያምረኛል። ከዚያ አውቶቡሴን ይዤ ወደ ቤቴ።

አሮጊቷ ሦስተኛ ወይ አራተኛ ጊዜ ስመላለስ አወቀችኝ። ምን እንደምፈልግ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ አለመጠየቋ ራሱ አስጠረጠረኝ። አንድ ቀን አዲስ ፎቶ ዘርግታ "ይህን ትይዥልኛለሽ? ሰው አንሶናል" ብትለኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። የሞተ ልጅ ፎቶ ልጅ ያላት እናት ደረት ላይ? ሟርት መሆኑን እንዴት ብዬ ላስረዳት? "እጄን ያመኛል" አልኳት። ፎቶው የሚንጠለጠለው አንገት ላይ ስለሆነ እጄን አየችና ፈገግ አለች።

ከድልድዩ ማዶ የቆመ መኪና ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰውዬም ነበር። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ ያነሳል፣ ይሄዳል። አሮጊቷን ማነው ስላት "ፖሊስ ሊሆን ይችላል፣ ጋዜጠኛም ሊሆን ይችላል" ብላ እጇን አውለበለበችለት። እኔ ግን ውሃ ሆንኩ። እናት ላጠፋችው ልጅ በሚጠየቅበት አገር ነው ያደግሁት። ፎቶዬ ዞሮ ዞሮ አዛዡ ጠረጴዛ ላይ ቢደርስ፣ "የዚህች ሴት ልጅ የትኛው ነው? ወደ ፊት አሰልፉት" ቢልስ? ከዚያን ቀን ጀምሮ የአንገት ልብሴን እስከ ዓይኔ ጠምጥሜ መሄድ ጀመርኩ።

ያም ሌላ ጣጣ አመጣ። እንዲያ ተሸፋፍኜ ሲያዩኝ የኢራቅ ሴት ነች ብለው ይመስለኛል ሰልፈኞቹ መንገድ ይለቁልኝ ጀመር። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምትመስል ቀጭን ልጅ መጥታ ሁለት እጄን ይዛ በአሜሪካ ሕዝብ ስም ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እንባዋ ኮለል ብሎ ወርዷል። ልጄ ከማን ጋር ሆኖ እየተዋጋ እንደሆነ ብታውቅ ምን ትል ይሆን? አንገቴ ላይ ያለው ማተብ እንዳይታያት ልብሴን ሰበሰብኩ። "ይቅር ብያለሁ" አልኳት፤ ምን በወጣኝ ክርክር ውስጥ እገባለሁ። ልጅቷ ከልቧ ነበር ያለቀሰችው፤ ወይም መሰለኝ።

መቼም ሰው ማየቱ አይቀርም። አንድ ታክሲ ነጂ ያገሬ ልጅ ድልድዩን ሲሻገር አይቶኝ ኖሮ ባለቤቴ ዘንድ ደረሰ።

"ሰልፍ ላይ ታየሽ አሉኝ" አለኝ፣ ራት እየበላን።

"ማን አለህ?"

"ሰው ነዋ። ልጅሽ አርሚ ውስጥ እያለ አንቺ ፕሮቴስት ታደርጊያለሽ? ሰው ሪፖርት ቢያደርገውስ?"

"እኔ ፕሮቴስት አላደርግም። ልጄን ነው የማየው።"

"ልጅሽ በየሳምንቱ ኮል እያደረገ አይደል እንዴ?"

"እስኪያቆም ነዋ።"

እንጀራውን አስቀምጦ ተነሳ። ተቆጥቶ መስሎኝ ነበር፤ ከመኝታ ቤት ሲመለስ ግን እሱም ዓይኑ ቀልቷል። ከዚያ በኋላ ስለ ድልድዩ አንስቶብኝ አያውቅም።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። መጋቢት ሊገባ ሲል፣ ሁዳዴ ጾም ላይ፣ የልጄ ስልክ ቆመ። አንድ ሳምንት ቀረ። ከዚህ በፊትም ቀርቶ ያውቃል፤ ከጓዶቻቸው አንዱ ሲሞት የሟች ቤተሰብ እስኪነገረው ድረስ ስልክ ይዘጋባቸዋል። ሁለተኛውም ሳምንት ቀረ። ባለቤቴን "ምን ሆነ?" ስለው "ቢዚ ሆኖ ነው" አለኝ፤ እንዲህ ሲለኝ ጫማውን እያየ ነው። ድሮ ሳሎን ቁጭ ብሎ በስልክ የሚጮኸው ሰውዬ ስልኩ ሲጮህ ወደ ፓርኪንግ መውረድ ጀመረ። በመስኮት አየዋለሁ፤ በዚያ ብርድ ያለ ካፖርት ይንጎራደዳል።

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ የቆሙበት ስደርስ ወሬያቸው ተቆረጠ። አንዷ ያለ ወትሮዋ ግንባሬን ሳመችኝ። ሌላዋ "በርቺ" አለችኝ። ለምኑ ነው የምበረታው? ሥራ ቦታ ደግሞ ሺፍት የምትመድበው ሴት፣ ለልደቴ እንኳ ፈቃድ የማትሰጥ፣ "የሚቀጥለውን ሳምንት ሙሉ እረፊ፤ ባልሽ ደውሎልን ነበር" አለችኝ። አዲስ አበባ ደወልኩ፤ እናቴ ጆሮዋ ደክሞ ባትሰማኝም ድምፅዋን መስማት ፈልጌ ነበር። ስልኩን እህቴ አነሳችው። እማዬስ ስላት ጸበል ሄዳለች አለችኝ፣ ቶሎ ብላም ዘጋችው። አዲስ አበባም ደርሷል አልኩ። ልጄ ሞቶ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ባለቤቴን አንቄ ለመጠየቅ አስቤ ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው? መርዶ የያዘ ሰው ምሎ ይክዳል፤ ግዴታው ነው። ወንድሜ የሞተ ጊዜ እናቴ ጠርጥራ ጎረቤታችንን መስቀል አስይዛ ጠይቃት ነበር፤ ሴትየዋ መስቀሉን ስማ "ደህና ነው" አለቻት።

ጦርነቱ የተጀመረበት ቀን ሲታሰብ ትልቅ ሰልፍ ወጣ። ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ሴንት ፖል፣ ካፒቶል በሚሉት የምክር ቤት ሕንፃ ፊት ተሰብስቦ ሜዳው አይታይም። በረዶው ገና ሙሉ በሙሉ አልቀለጠም፤ ሁሉም ጭቃ ይረግጣል። ከበሮ የሚመታ አለ፣ የሬሳ ሣጥን አምሳያ የተሸከመ አለ፣ ልጁን በጋሪ የሚገፋ አለ። ዕረፍት ሰጥተውኝ የለ? እኔም ከጠዋት ጀምሬ መሃላቸው ነበርኩ። የአንገት ልብሴን አውልቄ ከረጢቴ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ካሜራ ይሁን፣ ፖሊስ ይሁን፣ ያገር ልጅ ይሁን፣ ያ ሁሉ ፍርሃት ከውስጤ ወጥቷል።

ግን ከየት ልጀምር? ሰው ይንቀሳቀሳል፤ አንዱን ደረት ሳይ ሌላው ያልፈኛል። ያየሁትን መልሼ አያለሁ። እየተጋፋሁ፣ እየወደቅሁ እየተነሳሁ ስሮጥ ብርቱካንማው ኮፍያ ታየኝ። እጇን ያዝኩና ያን ሁሉ ጊዜ ያልነገርኳትን ነገርኳት። "ልጄ እዚያ ነው። ስልኩ ቆሟል። እናንተ ጋ ካለ ልየው" አልኳት።

ሴትዮዋ ይዛኝ ሄዳ ደረጃው ሥር አቆመችኝና ፎቶ የያዙትን አንድ በአንድ እየጠራች ታናግራቸው ጀመር። ከዚያ ተሰለፉ። ድምፅ ማጉያው የሆነ ፖለቲከኛ ንግግር እያስጮኸ ነው፤ እነሱ ግን ፊቴ እየደረሱ ይቆማሉ፣ ፎቶውን ቀና ያደርጉልኛል፣ ራሴን ስነቀንቅ ያልፋሉ። ሽማግሌ አለ፣ መነኩሴ አለች፣ ጢማም ጎረምሳ አለ። አንዳንዱ የራሱ ጥፋት ይመስል ይቅርታ ብሎኝ ያልፋል። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ይህ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ልቤ አላረፈም፤ "አሮጊቷ ምን ብላቸው ነው? የእሱን የያዘውን ሰው ደብቁት ብላቸው ቢሆንስ?" እላለሁ።

ይህን ሳስብ አንድ ወጣት ሰልፉ ውስጥ ሳይገባ በዳር ሲያልፍ አየሁት። የያዘውን ካርቶን ገልብጦ ካፖርቱ ላይ አስጠግቶታል። ዓይኑ ከዓይኔ ሲገጥም ፈጠን አለ። አገኘሁት አልኩ። ሮጬ ደርሼ ካፖርቱን ጨምድጄ ያዝኩት። "አሳየኝ" አልኩት። "ኖ ማም፣ ፕሊስ" እያለ ይሸሻል። ካርቶኑን ከእጁ ነጥቄ ገለበጥኩት። ፎቶ የለውም። ፕሬዚዳንቱን በስሙ ጠርቶ፣ እኔ ልጽፈው የማልችለውን ስድብ በትልልቁ ጽፎበታል። ለካ እናት ፊት አፍሮ ነው የደበቀው። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ፤ እኔ ካርቶኑን መለስኩለትና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። አሮጊቷ ደርሳ አጠገቤ ቆመች። የሁሉንም አይቻለሁ፤ ልጄ የለም። እፎይ ማለት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ገና ጋዜጣው ላይ አልወጣም ማለት ነው አልኩ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሶፋዎቹን ወደ መኝታ ቤት እየገፋ ነው። ሳሎኑ ባዶ ሆኗል። "ምንጣፉን ልጠርግ ብዬ ነው" አለኝ። ሶፋ የሚወጣው መቼ እንደሆነ የማላውቅ ይመስል። ግድግዳው ሥር ከእድሩ የመጡ የሚታጠፉ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ አላየሁም ብዬ አለፍኩ። ስለ ወንበሮቹ ብጠይቀው የሚመልሰው ውሸት አሳዘነኝ። ጎን ለጎን ተኛን፤ ሁለታችንም እንቅልፍ የወሰደን መስለን አደርን።

ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ለበስኩ። ኮሪደሩ ላይ የብዙ ሰው እግርና የታፈነ ሳል ሲሰማኝ ማንም ሳያንኳኳ በሩን ከፈትኩት። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው የእድሩ ሊቀ መንበር፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች፣ ከካፖርታቸው በታች ጥቁር ጥቁር የለበሱ። ያቺ ግንባሬን የሳመችኝም አለች። እኔ መክፈቴ አስደነገጣቸው፤ የሚያደርጉት ጠፋቸው።

"ግቡ" አልኳቸው።

ገብተው ቆሙ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ "መቼም ሁላችንም እንግዶች ነን..." ብሎ ሲጀምር አላስጨረስኩትም።

"ልጄ ነው?" አልኩ። "አባ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ልጄ ነው?"

"አይደለም ልጄ" አሉ ቄሱ፣ በጣም ደንግጠው። "ልጅሽማ ደህና ነው። እናትሽ ናቸው። ካረፉ ሰንብተዋል፤ ጊዜ እየጠበቅን ነው እንጂ..."

"ተመስገን" አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሴቶቹ ለዋይታ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ እንደተከፈተ ቀረ። ሊቀ መንበሩ ወደ ባሌ ዞረ። ባለቤቴ ቀረብ ብሎ ክንዴን ያዘኝና ለደንቆሮ እንደሚነገር ቀስ አድርጎ "ሰምተሻል? እማማ ናቸው። እናትሽ" አለኝ።

"ሰምቻለሁ። ልጄን ማን አናግሮታል?"

"እኔ" አለኝ። "ኤርፖርት ስሆን በሞባይሌ ኮል ያደርግልኛል። የእማማን ነግሬው ነበር። አንቺ ጋ ቢደውል ከድምፁ ትለዪበታለሽ፣ እሱ መደበቅ አይችልም ብለን ነው ለጊዜው እንዳይደውል ያደረግነው። የልጁ ሐሳብ ላይ ይሄ እንዳይደራረብብሽ ብለን ነው።"

ልጮህበት ይገባኝ ነበር። ሁሉንም ከቤቴ ማባረር ይገባኝ ነበር። እናቴን ቀብረው ደብቀውኝ፣ በቁሜ ልጄን ሲያስቀብሩኝ የከረሙት እነሱ ናቸው። እኔ ግን ደስ አለኝ። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ልጄ በሰላም ተመልሷል፣ አግብቷል፣ የልጅ ልጅ አሳይቶኛል፤ እንደዚያ ጠዋት የተደሰትኩበት ቀን ግን አላስታውስም። የእናቴ መርዶ ነው።

ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ጸሎት ጀመሩ። እኔ ማልቀስ ስላልቻልኩ ግንባሬን የሳመችኝ ሴት በእኔ ፋንታ "እማማ፣ እማማ" ብላ ለቅሶውን አስጀመረችው፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሁለቱ ጥቁር ቀሚስ ይዘው መጥተው ኖሮ ከያዙት ፌስታል አወጡት። ሊያለብሱኝ ሲጠጉ እንደ ሕፃን እጆቼን ወደ ላይ አነሳሁላቸው።